ፋንታስቲክ ድርሰትና ምትሃታዊ እውነታዊነት፦ መለያው ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ካለፉት ጥቂት ወራት ጀምሮ አንድ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ረቂቁን ብዙ ላነበቡና ለማከብራቸው ሁለት ወዳጆቼ ሰጥቼ ነበር። አንደኛው «ጥሩ ምትሃታዊ እውነታዊነት ነው» አለኝ፤ ሁለተኛዋ ግን «አይደለም፣ ይህ ፋንታስቲክ ነው፤ እንዲያውም መጨረሻው ያልያዘልሽ ሁለቱን ስላደባለቅሽ ይመስለኛል» አለችኝ። ጉዳዩ የስያሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቼው ነበር። ሆኖም መጨረሻው እንዳልሠመረ እኔም አውቀዋለሁ፤ ስድስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። የሁለቱን ልዩነት በትክክል ብረዳ ስህተቴ የት እንደተደበቀ አያለሁ ብዬ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ታሪኩ የአንድ ወንድምና እህት ነው። የሚኖሩት በሟች እናታቸው ቤት ነው። አጀማመሩ እንዲህ ይላል፦

«እናታችን ከሞተች በሦስተኛው ወር፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበሯ ማታ ማታ መሞቅ ጀመረ። የሚሞቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እሷ ሥራዋን ጨርሳ አረፍ በምትልበት ሰዓት ነበር። ወንድሜ ወንበሩን ከመስኮቱ አራቀው። በማግስቱ የሙቀት መለኪያ ገዝቶ መጣ።»

ተራኪዋ እህት ናት። ከዚህ በኋላ ወንድም በየምሽቱ እየለካ ቁጥሩን በደብተር ይመዘግባል፤ እህት ደግሞ ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ የዋለችበትን ታወራለች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር 37 ዲግሪ ነው። እዚያ ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ።

እስካሁን ሳነብ ያገኘሁት መለያ አንድ ነው፤ ገፀ ባሕርያቱ በእንግዳው ነገር ከተደናገጡ ፋንታስቲክ፣ ካልተደናገጡ ምትሃታዊ እውነታዊነት ነው የሚል። በእኔ ታሪክ ግን አንዱ ይደናገጣል፣ አንዷ አትደናገጥም። ታዲያ የእኔ የቱ ነው? ወይስ መለያው ራሱ የተሳሳተ ነው?


የመጀመሪያ ምላሽ (የሥነ ጽሑፍ መምህር)

እህቴ፣ ጥያቄዎን ከነናሙናው ስላቀረቡት አመሰግናለሁ፤ በደፈናው ከሚቀርብ ጥያቄ ይልቅ እንዲህ ያለውን መመለስ ይቀላል።

መነሻ የሚሆነን ቡልጋሪያ ተወልዶ ፈረንሳይ የሠራው ዝቬታን ቶዶሮቭ ስለ ፋንታስቲክ ሥነ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። የቶዶሮቭ ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። እኛ በምናውቀው ዓለም ውስጥ፣ ይህ ዓለም በሚገዛበት ሕግ ሊብራራ የማይችል ነገር ይከሰታል። ይህን ያየ ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ዓይኑ አታሎታል፣ ሕልም ወይም ሕመም ነው፣ ስለዚህ የዓለም ሕግ እንደነበረ ነው፤ ወይ ነገሩ በእርግጥ ሆኗል፣ ስለዚህ ዓለም እኛ በማናውቀው ሕግ ትተዳደራለች። ፋንታስቲክ የሚባለው ምርጫው እስኪደረግ ያለው ጊዜ ነው። ምርጫው በተደረገበት ቅጽበት ድርሰቱ ወደ ጎረቤት ዘውግ ይሻገራል፤ ምክንያታዊ ማብራሪያ ከተገኘለት «እንግዳ» ወደሚባለው፣ ከተፈጥሮ በላይ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ «ተአምራዊ» ወደሚባለው ይገባል። የፋንታስቲክ ነፍሱ ማመንታት ነው ማለት ነው፤ በዋናነትም የሚያመነታው አንባቢው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከገፀ ባሕርዩ ጋር አብሮ።

ይህን ማመንታት እስከ መጨረሻው ይዞ የሚዘልቅ ድርሰት ብዙ አይደለም። ሄንሪ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳተመው፣ የሁለት ልጆች ሞግዚት የሞቱ ሰዎችን የምታይበት ረጅም ልብ ወለድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሞግዚቷ ራሷ ነች የምትተርከው። መናፍስቱ በእርግጥ አሉ፣ ወይስ የተጨነቀ አእምሮዋ ነው የፈጠራቸው? ሐያስያን ለአሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል፤ ድርሰቱ ለሁለቱም ወገን በቂ ማስረጃ ያቀርባል፣ ለአንዳቸውም ግን አይፈርድም።

በምትሃታዊ እውነታዊነት ውስጥ ይህ ምርጫ ለአንባቢው አይቀርብለትም። የማይሆነው ነገር ከሚሆነው ነገር ጋር በአንድ ቃና፣ በአንድ የድምፅ ከፍታ ይተረካል። አንባቢው «ይህ ሊሆን ይችላል?» ብሎ እንዲቆም ተራኪው ፋታ አይሰጠውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላጥራ። ፋንታስቲክ እና ፋንታሲ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ፋንታሲ የራሱ ሕግ ያለው ሌላ ዓለም ይገነባል፤ ድራጎን ቢበር የዚያ ዓለም ሕግ አይጣስም። ፋንታስቲክም ሆነ ምትሃታዊ እውነታዊነት ግን የሚቆሙት እኛ በምንኖርበት ዓለም ላይ ነው። በዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለዚህም ነው ለመለየት የሚያስቸግሩት።

ወደ ድርሰትዎ ልመለስ። የሙቀት መለኪያው በገባበት ዓረፍተ ነገር ታሪኩ ጥያቄ ጠይቋል። የሚለካ ሰው የሚጠራጠር ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ከሁለተኛዋ ወዳጅዎ ጋር እስማማለሁ፤ ፋንታስቲክ ነው።


ሁለተኛ ምላሽ (ከስፓኒሽ የሚተረጉም)

መምህር ያቀረቡትን የቶዶሮቭ ሐሳብ በአክብሮት እቀበላለሁ፤ መደምደሚያው ላይ ግን ልለያቸው። ጠያቂያችን ያነበቡት «የተደናገጠ ፋንታስቲክ፣ ያልተደናገጠ ምትሃታዊ» የሚለው መለኪያ በጣም የተስፋፋ ነው፤ ወደ ድርሰቶቹ ተጠግተን ስናነብ ግን ከሁለቱም በኩል ይፈርሳል። ይህን ለማሳየት ሁለት ትዕይንቶችን ልዘርዝር፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

የመጀመሪያው አርጀንቲናዊው ኹሊዮ ኮርታሳር የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1946 የአገሩ ሰው ደራሲ ቦርኸስ ያዘጋጀው በነበረ መጽሔት ላይ የወጣው «የተያዘው ቤት» ነው። ልክ እንደ እርስዎ ታሪክ ወንድምና እህት በወረሱት ሰፊ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ እህት ቀኑን ሙሉ ሹራብ ትሠራለች፣ ተራኪው ወንድም ያነባል። አንድ ምሽት ወንድም ከቤቱ የኋላ ክፍል የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ሮጦ በሩን ይዘጋል፣ ይቀረቅራል። ተመልሶ ለእህቱ የኋለኛው ክፍል መያዙን ይነግራታል። እሷ ሹራቡን ከእጇ ትጥላለች፣ እርግጠኛ እንደሆነ ትጠይቀዋለች፣ እሱም ያረጋግጥላታል። ከዚያ መርፌዎቿን አንሥታ፣ እንግዲያው በዚህኛው በኩል መኖር ይኖርብናል ትላለች። ነገሩ በዚህ አለቀ። ማን እንደያዘው አይጠይቁም። ሊያዩ አይሄዱም። ሌላው ክፍል ሲያዝ ደግሞ ቤቱን ትተው ይወጣሉ፤ ወንድም ቁልፉን የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ የተደናገጠ የለም። መለኪያው ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ምትሃታዊ እውነታዊነት በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህን ታሪክ በፋንታስቲክ ሥር የማያስቀምጥ አንባቢ አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱም የእነሱ ዝምታ እኛን ያስጨንቀናል። በዓረፍተ ነገሮቹ መካከል ጉድጓድ አለ። «ያዙት» ይላል ግሱ፤ እነማን? ባለቤት የሌለው ግስ ነው። እነሱ ባልጠየቁት መጠን ጥያቄው ወደ እኛ እየተገፋ ይመጣል።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በሚተርከው ታላቅ ልብ ወለዱ ውስጥ የቤቱ ልጅ ቆንጆዋ ረሜዲዮስ ወደ ሰማይ ታርጋለች። ትዕይንቱን በዝግታ እንመልከተው። ፈርናንዳ በአትክልቱ ስፍራ አንሶላዎቿን ለማጠፍ ሴቶቹን ለእርዳታ ትጠራለች። አማራንታ የረሜዲዮስ ፊት መገርጣቱን ታስተውላለች፤ ታመሻል እንዴ ትላታለች። አላመመኝም፣ እንዲያውም እንደዛሬ ሆኜ አላውቅም ብላ ሳትጨርስ ለስለስ ያለ የብርሃን ነፋስ አንሶላዎቹን ከእጃቸው ይነጥቃል፣ ረሜዲዮስም ከመሬት ትነሣለች። ዓይኗ ሊጠፋ የተቃረበው ኡርሱላ ብቻ የነፋሱን ምንነት ትረዳለች፤ አንሶላዎቹን ለብርሃኑ ትለቃቸዋለች። ፈርናንዳ በቅናት ትንገበገባለች፤ በመጨረሻ ተአምሩን ስትቀበል ለረጅም ጊዜ እግዚአብሔር አንሶላዎቿን እንዲመልስላት ትጸልያለች።

አስተውሉ፤ እዚህ ሰው ይገረማል። ከዚያም አልፎ የሚጠራጠር አለ። ከቤተሰቡ ውጭ ያሉ ሰዎች የዕርገቱ ወሬ የልጅቷን ነውር ለመሸፈን የተፈጠረ ነው ብለው እንደሚያምኑ ተራኪው ራሱ ይነግረናል። ምክንያታዊ ማብራሪያው ፊት ለፊታችን ተቀምጧል ማለት ነው፤ ቶዶሮቭ የፈለገው ሹካ መንገድ ተሟልቷል። ሆኖም አናመነታም። ለምን? ተራኪው ጥርጣሬውን የሰጠው ላላዩት ሰዎች ስለሆነ ነው፤ ያዩት ሰዎች የሚጨነቁት ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ አንሶላ። የትዕይንቱ ክብደት ከ«ሆነ ወይስ አልሆነም?» ወደ «የማን አንሶላ ነው የሄደው?» ተሸጋግሯል። ጋርሲያ ማርኬዝ እንደተናገረው ረሜዲዮስን ከመሬት ማንሣት አቅቶት ቆይቶ፣ የተነሣችለት በነፋስ መካከል አንሶላ ለማስጣት የምትታገል ሴት ካየ በኋላ ነው። የእጅ ሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ የማይታመነውን ያስታመነው የሚዳሰሰው ጨርቅ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው መለኪያ ሌላ ነው። ገፀ ባሕርያቱ ተደናግጠዋል ወይ ብለን ሳይሆን፣ የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ወዴት ይሄዳል ብለን እንጠይቅ። እንግዳው ነገር ከተከሰተ በኋላ ታሪኩ ወደ ኋላ ዞሮ ምክንያቱን የሚፈልግ ከሆነ፣ ወይም በዝምታው እኛን እንድንፈልግ የሚያስገድደን ከሆነ፣ ፋንታስቲክ ነው። ወደ ፊት ሄዶ ውጤቱን የሚኖር ከሆነ ምትሃታዊ እውነታዊነት ነው።

ካፍካን የሚያነሣ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በካፍካ «ሜታሞርፎሲስ» ውስጥ ግሬጎር ሳምሳ አንድ ጠዋት ነፍሳት ሆኖ ሲነሣ የሚያስጨንቀው ባቡር እንዳያመልጠው ነው፤ ታሪኩ እንዳልኩት ወደ ፊት ይሄዳል። ቶዶሮቭም ይህ ድርሰት ማመንታት እንደሌለበት አይቶ፣ ፋንታስቲክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሌላ መልክ መያዙን ለማሳየት ተጠቅሞበታል። እኔ ግን ምትሃታዊ እውነታዊነት ልለው አልደፍርም። የማርኬዝ ዓለም ለተአምሩ ቦታ ይሰጠዋል፤ የካፍካ ዓለም ግን ተአምሩን በር ቆልፎበት ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፤ ሌላ የሚያይ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።


ሦስተኛ ምላሽ

ስያሜዎቹ ለምን እንደሚምታቱ ታሪካቸውን ማወቅ ይረዳል፤ ግራ መጋባቱ የጠያቂያችን ጥፋት አይደለም፣ ከሐያስያኑ የወረስነው ነው።

«ምትሃታዊ እውነታዊነት» የሚለው ቃል መጀመሪያ የሥዕል ቃል ነበር። ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ፍራንዝ ሮህ እ.ኤ.አ. በ1925 ስሜትን አጋንኖ ከሚሥለው ከኤክስፕረሽኒዝም በኋላ የመጣውን፣ ተራ ዕቃዎችን በጥንቃቄና በጥራት እየሣለ እንግዳ የሚያስመስላቸውን የሥዕል ስልት ለመሰየም ተጠቀመበት። በዚህ ፍች ውስጥ የሚበር ሰው የለም፤ ወንበሩ ወንበር ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምናየው ሆኖ ይታያል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሮህ ጽሑፍ በስፓኒሽ ተተርጉሞ ማድሪድ ሲታተም ቃሉ ወደ ላቲን አሜሪካ ጸሐፍት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1948 ቬኔዝዌላዊው አርቱሮ ኡስላር ፒየትሪ ለአገሩ አጭር ልብ ወለድ ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ሐያሲው አንኸል ፍሎሬስ ባወጣው ጽሑፍ ቦርኸስንም ካፍካንም አንድ ላይ ሰብስቦ በዚሁ ስም ጠራቸው። ከ12 ዓመት በኋላ ሌላው ሐያሲ ሉዊስ ሌአል ይህን ተቃውሞ ጻፈ፤ ምትሃታዊ እውነታዊነት ሌላ ዓለም አይፈጥርም፣ በእውነታው ውስጥ ያለውን ምሥጢር ይፈልጋል እንጂ በማለት ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ፍሎሬስን፣ ሌላው ሌአልን እየተከተለ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለታቸው የተለመደ ሆነ።

ከታሪኩ ውስጥ ለክርክራችን የሚጠቅም አንድ ትዕይንት ላንሣ። ኩባዊው አሌሆ ካርፔንቲየር እ.ኤ.አ. በ1943 ሄይቲን ጎበኘ፤ በ1949 ስለ ሄይቲ አብዮት ባሳተመው ልብ ወለድ መቅድም ላይም «አስደናቂው እውነታ» የሚለውን የራሱን ስያሜ አቀረበ። በልብ ወለዱ ውስጥ፣ በታሪክም የሚታወቀውና በ1758 በእሳት የተገደለው የባሮች መሪ ማካንዳል አደባባይ ላይ ከእንጨት ጋር ታስሮ ይቃጠላል። ባሮቹ ማካንዳል ወደ ፈለገው ፍጡር እንደሚለወጥ ያምናሉ። እሳቱ ሲቃረብ እስራቱ ይፈታል፣ ከራሳቸው በላይ ይበርራል፣ ሕዝቡ ማካንዳል ዳነ እያለ ይጮኻል። በዚያ ሁከት መካከል፣ ይላል ተራኪው፣ አሥር ወታደሮች ማካንዳልን ይዘው በጭንቅላቱ ወደ እሳቱ እንደወረወሩት ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ባሮቹ እየሳቁ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ጌታቸው ደግሞ በወገናቸው ሞት እንዴት አላዘኑም ብሎ ይፈላሰፋል።

ይህ ገጽ ሁለቱን ማብራሪያዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጧል። ለመምህር ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ማመንታት ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። በዚያ አደባባይ የሚያመነታ አንድም ሰው የለም። ባሮቹ እርግጠኛ ናቸው፣ ጌቶቹም እርግጠኛ ናቸው። ያለው ማመንታት ሳይሆን ሁለት እርግጠኝነት ነው፤ ተራኪው ደግሞ በመካከላቸው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። እንግዲህ የምትሃታዊ እውነታዊነት አንዱ ጥንካሬ ይህ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓለም አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ማኖር።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ስጋቴን ልግለጽ። ማንኛውንም ከአውሮፓ ውጭ የተጻፈ፣ መንፈስ ወይም ቅድመ አያት የሚታይበትን ልብ ወለድ ሳያነቡ «ምትሃታዊ እውነታዊነት» ብሎ መፈረጅ እየተለመደ መጥቷል። ተአምር ያለበት ሁሉ ምትሃታዊ እውነታዊነት አይደለም። ዘውጉን የሚወስነው የጸሐፊው የትውልድ አገር ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ስለዚህ ተርጓሚው ወደ ትዕይንቱ ተጠግተው ማንበባቸውን በጣም ወድጄዋለሁ።


ከመምህር የተሰጠ መልስ

ሁለቱንም ምላሾች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ስለ ማካንዳል የተነገረው ትክክል ነው፤ ማመንታት ብዬ ልጠራው አልችልም። «የሚለካ ሰው የሚጠራጠር ሰው ነው» በማለቴም የታሪኩን ግማሽ ብቻ እንዳየሁ ገብቶኛል፤ የወንድምየውን ዓይን የታሪኩ ዓይን አድርጌ ወስጄው ነበር። ተራኪዋ ግን እህት ናት።

ለዚህ የሚጠቅም ሐሳብ ያላት አማሪል ቻናዲ የምትባል ካናዳዊት ተመራማሪ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለቱን ዘውጎች በማነጻጸር መጽሐፍ አሳትማለች። በሁለቱም ውስጥ ሁለት የማይታረቁ ሥርዓቶች አሉ ትላለች፤ ተፈጥሯዊውና ከተፈጥሮ በላይ የሆነው። በፋንታስቲክ ውስጥ ቅራኔው ሳይፈታ ይቀራል፤ በምትሃታዊ እውነታዊነት ውስጥ ግን ተራኪው ሁለቱን እኩል ስለሚቀበል ቅራኔው ይፈታል። የጸሐፊው ቁጥብነት፣ ማለትም አለማብራራቱ፣ በሁለቱም አለ፤ የሚሠራው ሥራ ግን የተለያየ ነው። በፋንታስቲክ ውስጥ ማብራሪያ መንፈግ ፍርሃትን ያሳድጋል፤ በምትሃታዊ እውነታዊነት ውስጥ ደግሞ ማብራሪያ አለመስጠት «የሚብራራ ነገር የለም» እንደ ማለት ነው። ተርጓሚው ስለ ኮርታሳር ዝምታና ስለ ማርኬዝ አንሶላ የተናገሩት ከዚህ ጋር ይገጥማል።


አራተኛ ምላሽ (አርታዒ)

እኔ የጽንሰ ሐሳብ ሰው አይደለሁም፤ የሰዎችን ረቂቅ እያረምኩ የኖርኩ ነኝ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አንቀጽዎ እገባለሁ።

«ወንድሜ ወንበሩን ከመስኮቱ አራቀው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምክንያት ፍለጋ ነው፤ ሙቀቱ ከመስኮቱ ይሆን ብሎ መጠርጠሩ ነው። ያ ብቻውን ችግር የለበትም። ችግሩ እህት ይህን ስትተርክ የራሷ የሆነ ድርጊት በአንቀጹ ውስጥ ስለሌላት አንባቢው ከወንድምየው በቀር የሚከተለው ሰው ያጣል። የሚከተሉትን ሁለት አማራጮች ጎን ለጎን ያንብቧቸው።

አንደኛው፦ «ወንድሜ ወንበሩን ከመስኮቱ አራቀው። እኔ እጄን መቀመጫው ላይ አሳርፌ ቶሎ አነሣሁት። ሁለታችንም አልተነጋገርንም።»

ሁለተኛው፦ «ወንድሜ ወንበሩን ከመስኮቱ አራቀው። እኔ የተከመረበትን ያልታጠፈ ልብስ አነሣሁለት፤ እናታችን ልብስ ላይ መቀመጥ አትወድም።»

የመጀመሪያው አማራጭ ወደ ፋንታስቲክ ይወስዳል፤ እጅዋን ያነሣችው ለምን እንደሆነ አንባቢው ይጠይቃል። ሁለተኛው ወደ ምትሃታዊ እውነታዊነት ይወስዳል፤ በተለይ «አትወድም» የሚለው ግስ። «አትወድም ነበር» ቢሉ ኖሮ እናት ሞታለች። «አትወድም» ሲሉ ግን አለች፤ ማንም ሳይከራከር፣ ማንም ሳያስረዳ። በአማርኛ «ነበር» የምትባለዋ አንዲት ቃል በመኖርና ባለመኖር መካከል ዘውግ ትለውጣለች፤ ረቂቅዎን ከላይ እስከ ታች «ነበር»ን እየፈለጉ እንደገና እንዲያዩት አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

ስለ መጨረሻው ደግሞ፦ 37 ዲግሪ የሕያው ሰው ገላ ሙቀት ነው። ወንድም ያንን ቁጥር ሲጽፍ ለካ የፈለገውን ማስረጃ አግኝቷል፤ በቶዶሮቭ አነጋገር ታሪኩ በዚያ መስመር ወደ «ተአምራዊ» ተሻግሯል። መጨረሻው አልይዝ ያለዎት ለዚህ ይመስለኛል። እህት ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ የምታውቀውን ነገር ደብተሩ በመጨረሻው ገጽ እንደ አዲስ ዜና ያቀርበዋል። ለወንድም ዜና ነው፤ ለእሷ አይደለም፤ ታሪኩ ግን የእሷ ነው።


ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ረቂቁን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አርታዒው እንዳሉት «ነበር»ን እየፈለግሁ ስቆጥር በአራት ገጽ ውስጥ ለእናትየው 31 ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ሳላውቀው ተራኪዋ በየመስመሩ እናቷን ትቀብራለች፤ ከዚያ ደግሞ ከወንበሩ ሥር ተቀምጣ ታዋራታለች። ሁለተኛዋ ወዳጄ «አደባልቀሻል» ያለችኝ ይህን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

የሙቀት መለኪያውን ለማውጣት አስቤ ነበር፤ ግን አላወጣሁትም። የማካንዳልን ትዕይንት ካነበብኩ በኋላ ወንድም የራሱን እርግጠኝነት ይዞ በዚያው ቤት ቢኖር እህትን እንደማይጎዳት አየሁ። ከታሪኩ የምትወጣው 37 የምትለዋ ቁጥር ብቻ ናት። አሁን በመጨረሻው ገጽ ወንድም ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ምን እንደጻፈ ግን ተራኪዋ አታይም፣ ለማየትም አትጠጋም። የምትለው ይህን ነው፦

«ወንድሜ ደብተሩን ዘግቶ መብራቱን ሊያጠፋ ተነሣ። ተወው አልኩት፤ እናታችን ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አትወድም። መብራቱን ትቶት ወጣ።»